ለአንገት የሚስማማ

መጽሐፍ መደብሩ ውስጥ አንድ ጎልማሳ ለኮምፒውተር ኔትወርክ የብቃት ፈተና ማጥኛ ያማርጣል። ከጃኬቱ ኪስ የኬብል መቁረጫና የሕፃን ጡጦ አብረው ብቅ ብለዋል፤ ትከሻው ላይ ወተት ደርቋል። ማውጫ የሚባል ነገር አይገልጥም። አንዱን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ያጋድምና ጉንጩን በላዩ አስደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ ወደ ሌላው ያልፋል።

«ያለፈው መጽሐፍ ድርቅ ያለ ነበር» አላት ሻጯን። «ፈተናውንም ወደቅኩ፣ አንገቴም ተጣመመ።»

«አልጋዎ ላይ ቢተኙስ?»

«መንታ ባለበት ቤት? መጽሐፍ ከያዝኩ ግን አማቴ ‹እያጠና ነው› ብለው በሩን ይዘጉልኛል።»

በመጨረሻ ወፍራሙን፣ ልባሱ ለስለስ ያለውን አነሳ።

«እሱ እኮ የድሮ እትም ነው፤ ፈተናው ተቀይሯል።»

«ግድ የለም እህቴ» አለ እያዛጋ፣ «እንቅልፉ አልተቀየረም።»