ቀጥ ብሎ የማይቆፈር ምሽግ

አሥር አለቃ ከውትድርና ጡረታ ከወጡ ወዲህ የጉድጓድ ሰው ናቸው። የውኃም ይሁን የመጸዳጃ፣ መሬት የሚከፈት ከሆነ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። የቆፈሩት ጉድጓድ ግድግዳ በቢላዋ የተቆረጠ ይመስላል። «እንዲህ ካማረማ ገብተን እንኑርበት» ይላሉ ጎረቤቶቻቸው።

ስለዚህ የፊልም ሰዎች መጥተው ምሽግ የሚቆፍር ሲያፈላልጉ ሁሉም ወደ እሳቸው ጠቆመ። ፊልሙ የሚያስፈራ ነው፤ በጦርነት ያለቁ ወታደሮች ከምሽጋቸው ተነሥተው በሕይወት ያሉትን ያሳድዳሉ። የልጃቸው እኩያ የምትሆነው ዳይሬክተር ሁለት ችካል ተክላ ሲባጎ ወጠረችና፣ «አባባ፣ እንደዚህ ቀጥ ብሎ ይሂድልኝ፤ ሙታኑ ከሩቅ ሲመጡ ካሜራው እንዲያያቸው» አለቻቸው።

አሥር አለቃ ሲባጎውን አይተው አካፋቸውን አነሡ። በሦስተኛው ቀን ስትመለስ ምሽጉ ስድስት እርምጃ ሄዶ ወደ ቀኝ ታጥፏል።

«ምንድን ነው ይሄ አባባ? ቀጥ ያለ ነው እኮ ያልኩት!»

«ቀጥ ያለ ምሽግ አልቆፍርም።»

«እንግዲያው ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

«ስጪ።»

ካሜራ ያዡ ሳቀ። «ሙታን ናቸው እኮ አባባ፣ ቦምብ አይፈሩም!»

«አንተ ልጅ፣ የሞቱት እኮ ቀጥ ብሎ ስለተቆፈረ ነው!»

ሳቁ ቆመ። አሥር አለቃ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቀጥ ያለ ምሽግ ውስጥ ቦምብ ከወደቀ ፍንጣሪው ከዳር እስከ ዳር ይጠርጋል። ኩርባ ካለ አፈሩ ይውጠዋል። ይህን አውቅ ነበር። አለቃዬ ‹ጊዜ የለንም፣ ቀጥ አድርገው› ሲለኝ ‹እሺ ጌታዬ› አልኩ። በማግሥቱ ውኃ ልቀዳ ወረድኩ፤ ስመለስ ምሽጉ ውስጥ የነበሩት አሥራ አንዱም ልጆች አልቀዋል፣ በገዛ እጄ በቆፈርኩት። ሁለተኛ እሺ አልልም፣ የኔ ልጅ።»

ሊሄዱ አካፋቸውን ተሸከሙ።

ዳይሬክተሯ ግን ብቻዋን ወደ ምሽጉ ወረደች። ከላይ የሚታያቸው ፀጉሯ ብቻ ነው፤ ኩርባው ጋ ሲደርስ ቆመ፣ አላለፈም። አቧራዋን እያራገፈች ወጣች።

«ከወዲያ በኩል ሰው ያለ መሰለኝ።»

«እኛንም ሁልጊዜ እንደዚያ ይመስለን ነበር።»

«ስንት ኩርባ ይኑረው?»

«በየስድስት እርምጃው አንድ። ሙታንሽ ስንት ናቸው?»

«ስምንት።»

«አሥራ አንድ አድርጊያቸው።»

ፊልሙ የታየ ቀን፣ ሙታኑ በየኩርባው አንድ በአንድ ብቅ ባሉ ቁጥር አዳራሹ ይጮኻል። ባለቤታቸው ክንዳቸው ላይ ተጣብቀው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ትንሽ እንኳ አትፈራም?» አሏቸው።

«ዝም በይ አታሳስቺኝ፤ ዘጠኝ... አሥር... አንዱ ቀርቷል።»

የመጨረሻው ከኩርባው ሲወጣ ሰው ሁሉ ጮኸ። አሥር አለቃ «ሁሉም ወጡ» ብለው ወንበራቸውን ተደገፉ።