ዓርብ ዓርብ የምትጠፋው ሞተር

ባለፈው እሁድ ከምሳ በኋላ ሳሎናችን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ባለቤቴ "ጎረቤት ቆሻሻ እያቃጠለ ነው" ብላ ልታልፈው ነበር፤ እኔ ግን ያንን ሽታ ከሌላ ሽታ ጋር አላምታታውም። ሶኬቶቹን እየዳበስኩ ሄጄ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ስደርስ እጄን ፈጀኝ። የጋለውን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ስነቅለው "ይህን አፍንጫ ከየት አመጣኸው?" አለችኝ። "ካንዲት አሮጌ ሞተር" አልኳት። እሷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ያቺ ሞተር ከሐሳቤ አልወጣችም።

ያኔ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ፤ የተመደብኩት ጉቴ ነው። ጓደኛዬ ገመቹ ደግሞ ዲጋ ያስተምራል። የምንኖረው ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር፣ አዴ ጫልቱ የሚባሉ እናት ግቢ በተከራየናት አንዲት ክፍል ነው። ጉቴ ከከተማው በምሥራቅ፣ ዲጋ በምዕራብ ስለሆነ መንገዳችን አይገናኝም። ክረምቱን ተጋግዘን አሮጌ ሞተር ገዛንና ሳምንቱን ተካፈልን፤ ከሰኞ እስከ ረቡዕ የእኔ፣ ሐሙስና ዓርብ የእሱ። ከእኛ በፊት ስንት እጅ እንዳለፈች እንጃ፤ ሽቦዎቿን ያየ ሰው ግን ብዙ መሆኑን ይገምታል። ቀይ ሆኖ የጀመረው ገመድ መሀል ላይ አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴው ደግሞ ፓራፋንጎው ጋ ሲደርስ የስልክ ሽቦ ሆኖ ይወጣል። አንዱ የቀድሞ ባለቤት የኋላውን መብራት በቀጥታ ከቁልፉ ጋር ስላያያዘው ቁልፉ በዞረ ቁጥር በጠራራ ፀሐይም ይበራል። መንገደኛው ሁሉ "መብራት!" እያለ ይጠቁመናል፤ እኛም እናመሰግናለን።

ስለ ሌንሳም መናገር አለብኝ። ሌንሳ ዲጋ ከገመቹ ጋር ታስተምር ነበር፤ ሳምንቱን እዚያው ተከራይታ ትሰነብትና ዓርብ ማታ ነቀምቴ ወላጆቿ ዘንድ ትመጣለች። ከመምህራን ማሰልጠኛ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ እወዳትም ነበር። ጥር ሲገባ ለአባቷ ሽማግሌ ልልክ ቆርጬ ነበር። የእኔ ቤተሰብ ከሸዋ የመጣ ኦርቶዶክስ ነው፣ የእሷ ፕሮቴስታንት፤ እናቴ ስትሰማ ምን እንደምትል አላጣሁትም፣ ግን ቀስ ብዬ አግባባታለሁ ብዬ ነበር። ለሌንሳ ለራሷ ገና አልነገርኳትም። የነገርኩት ለገመቹ ብቻ ነው። ሰማኝና "ጥር እኮ ሩቅ ነው" አለ። ነሐሴ ላይ ስለነበርን ልክ ነው ብዬ አለፍኩት።

ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ሞተሯ አመል አወጣች። እኔ ስነዳት ምንም አትሆንም። ገመቹ ግን ዓርብ ዓርብ እየገፋት ይመጣል። ፊውዟ ይቃጠልና ሞተሩ ቀጥ ይላል፤ ሌላ ፊውዝ ሲከትላት ትነሳለች፣ ጥቂት ሄዳ ያው ትሆናለች። ፊውዝ ሲያልቅበት ከሲጋራ ፓኮ ብርማውን ወረቀት ጠቅልሎ ይወትፍባታል፤ ያን ጊዜ ግቢ ስትገባ ያ ሽታ አብሯት ይገባል። ሐሙስ ግን ደህና ናት።

"ዓርብ ይደክማታል" ይላል ገመቹ።

"ሞተር ናት ወይስ የመንግሥት ሠራተኛ?" እለዋለሁ።

ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ከተማውን ዞሮባት ሲመለስ "ምንም የላትም፣ አነዳዳችሁን አስተካክሉ" አለን። ገመቹን በጥያቄ አደከምኩት። ስትጠፋ ፍሬን ይዘህ ነበር? ጡሩምባ ነፍተህ? ዕቃ ጭነህ? "ብቻዬን ነኝ አልኩህ፤ ቦርሳዬ እንኳ ትከሻዬ ላይ ነው" ይለኛል። እያደር ጥያቄው ያበሳጨው ጀመር። እኔም ሰበብ ፈጥሮ ሊያሸጠኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩት።

አንድ የኅዳር ቅዳሜ ገመቹ ለኳየር ልምምድ ሲሄድ ሞተሯን ግቢው መሀል አቆምኳትና ከባትሪው ጀምሬ ገመዱን በእጄ እየተከተልኩ መፈተሽ ያዝኩ። የመቀመጫው ብሎኖች ዝገው እንቢ ስላሉኝ እሱን ትቼ ሌላውን ሁሉ አየሁ። ቁልፉን አዞርኩ፤ የኋላው መብራት ቦግ ብሎ በራ። መሪውን አዟዟርኩ፣ ነቀነቅኳት፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም እንኳ አላለም።

አከራያችን አዴ ጫልቱ የሚፈለፈል በቆሎ በሰፌድ፣ የተቀቀለ የአንጮቴ ሥር ከቆጭቆጫ ጋር በሳህን ይዘው መጡ። "አካም ቡልቴ ዴሬ? ናጋዳ?" ብለው በኦሮምኛ፣ ስሜን አቆላምጠው፣ ከእኔ ጀምረው እስከ እናቴ ደህንነት ጠየቁ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መሬት መቀመጥ አይወዱም። ሳህኑን ሰጡኝና እንደ ዋዛ የሞተሯ ወንበር ጫፍ ላይ ወደ ጎን ተቀመጡ። ደልደል ያሉ ሴት ናቸው። ጠሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ያ ሽታ መጣ።

"ዋቃ ኮ! ሰበርኩብህ?"

"አልሰበሩም አዴ፤ እንዲያውም አገኙልኝ።"

አስነሳኋቸውና አዲስ ፊውዝ ከትቼ ራሴ ከፊት ተቀመጥኩ፤ መብራቱ እንደበራ ነው። እሳቸውን ከኋላ መልሼ አስቀመጥኳቸው፤ ተቃጠለ። ብሎኖቹን በናፍጣ አርሼ በፒንሳ እየታገልኩ ወንበሩን አነሳሁት። ከኋለኛው መቀመጫ ስር የወንበሩ ብረት ሲጫን ገመዱን ከሻሲው ጋር እያጣበቀ ልባሱን በልቶታል። ኮንታክት የሚፈጥረው እዚያ ነው። ቦታው በጥቋቁር የቃጠሎ ነጥቦች ተሸፍኗል።

ደስታዬ አንድ አንጮቴ ጎርሼ እስክውጥ እንኳ አልቆየም። ብቻዬን ነኝ ብሎኛል። ብቻውን ከሆነ ይህ ገመድ አይነካም። ሐሙስ ደህና ናት፤ የምትጠፋው ዓርብ፣ ከዲጋ ወደ ነቀምቴ ሲመለስ ነው። ዓርብ ከዲጋ ወደ ነቀምቴ የሚመጣው ማን እንደሆነ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

"ገመቹ ብቻውን አይደል እንዴ የሚነዳት?" አሉ አዴ ጫልቱ።

"ብቻውን ነው።"

"ታዲያ ማን ተቀምጦባት ነው?"

"መንገዱ ነው አዴ፤ ጉድጓዱ ያነጥራታል።"

አየት አደረጉኝና በቆሏቸውን መፈልፈል ቀጠሉ።

ገመቹ ሲመጣ ወንበሩ ተነቅሎ መሬት ላይ ነበር። "አገኘኸው?" አለኝ። "አገኘሁት። ከኋላ ሰው ሲቀመጥ ብቻ ነው የሚነካው።" የመዝሙር ደብተሩን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ።

"ልነግርህ ነበር ዴሬ።"

"መቼ?"

"በጠፋችብን ቁጥር ዛሬስ እነግረዋለሁ እላለሁ። ስትነሳ ደግሞ እተወዋለሁ።"

"እሷ ስለ እኔ ታውቃለች?"

"ነገርኳት። ንገረው፣ ንገረው የምትለኝም እሷው ናት።"

ይህ የባሰ አመመኝ። ሽቦውን ሳልጠግን ወንበሩን መልሼ ብገጥመው ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ ዓርብ ዓርብ አብረው ይገፏታል። እውነቱን ለመናገር አማረኝ። ግን የተከፈተ ሽቦ እያዩ መክደን አይሆንልኝም። ገመዱን ወደ ጎን አሳልፌ ናስትሮ ጠቀለልኩበት፣ ከከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ደረብኩበት፣ ወንበሩንም ገጠምኩ።

"ከኋላ ውጣ፣ እንሞክራት" አልኩት።

ሞተሯ ላይ አብረን ስንወጣ የመጀመሪያችን ነበር። ወደ ዲጋ ነዳሁ። ክረምቱ የቆፈረው ጭቃ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ በየደጁ ቀይ ቡና ተሰጥቷል። ጉድጓድ መርጬ ገባሁበት፤ ተናድጄ ነበር። እሱም ወገቡ እስኪነቃነቅ ተነጠረ እንጂ ቀስ በል አላለኝም። ዲጋ መግቢያ ስንደርስ አዞርኳትና ወርጄ መሪውን ሰጠሁት። እኔ ከኋላ፣ ሌንሳ የምትቀመጥበት ቦታ ተቀመጥኩ። እስከ ጨለለቂ አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። ግቢ ስንገባ መብራቱ እንደበራ ነበር። በዚያው ዓመት ሲጋቡ ሚዜው እኔ ሆንኩ።

ዛሬ ሁላችንም ጡረታ ወጥተናል። በቅርቡ እነገመቹ ቤት እራት ላይ ሌንሳ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። "ያን ቅዳሜ ዲጋ ደርሳችሁ ስትመለሱ ምን ተባባላችሁ? ይሄን ሰውዬ ስንት ዓመት ብጠይቀው ምንም ይለኛል።"

"ምንም" አልኳት።

"ተማምላችኋል" ብላ ሳቀች።

የደበቅናት ነገር ያለ ይመስላታል፤ የለም። ያን ቀን ምላሴ ላይ የነበረውን ክፉ ቃል ግን እኔ አውቀዋለሁ፤ ገመቹም ሳይገምተው አይቀርም። ከጀርባው ተቀምጬ፣ አፌ ላይ በደረሰ ቁጥር እየመለስኩ ዋጥኩት። ቢወጣ ኖሮ ይቅርታ መባባላችን አይቀርም ነበር፤ በዚያ ማዕድ ዙሪያ ለእኔ ወንበር መኖሩን ግን እንጃ።