ቶሎ የበሰለው ቦሎቄ

በደርግ ጊዜ፣ ንፋስ ስልክ በነበረ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራዬ ቦሎቄ፣ እኛ ቤት አደንጓሬ የሚባለውን፣ መቀቀል ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ የዘር ተመራማሪ ነኝ እላለሁ። ባለቤቴ ግን ለጎረቤት የምታስተዋውቀኝ መንግሥት አደንጓሬ እያስቀቀለ ደመወዝ ይከፍለዋል እያለች ነው። አልተሳሳተችም።

መሥሪያ ቤቱ የሚፈልገው በቆርቆሮ ታሽጎ ወደ ውጭ የሚላክ ነጭ ቦሎቄ ነበር፤ ሲቀቀል የማይፈነዳ፣ ውሃውን የማያደፈርስ። የእኔ ልብ ግን ቤቴ ጋ ነበር። መካኒሳ አቦ አጠገብ የምንኖር ሰዎች ላምባ የምናገኘው ለቀበሌያችን ሲመጣለት ብቻ ነው፤ አደንጓሬ ደግሞ እስኪበስል ላምባ ይጨርሳል። ስለዚህ ነጩን ቦሎቄ ከደቡብ ከመጣ፣ ቶሎ ከሚበስል ትንሽ ቀይ ቦሎቄ ጋር አዳቀልኩት። ከልጅ ልጆቹ መካከል መልኩ ወደ እናቱ፣ አበሳሰሉ ወደ አባቱ የሄደ አንድ ዘር ወጣ። ደጋግሜ ዘርቼ ብቀቅለውም ጠባዩን አልለወጠም። ቶሎ መብሰልም እንደ መልክ የሚወረስ ነገር መሆኑን በገዛ ድስቴ አየሁ፤ ልጅ የወለድኩ ያህል ኮራሁ። የቀረው ቀማሽ ሆነው በሚቀመጡት ባልደረቦቼ ፊት ማለፍ ነበር። ካላለፈ የሚዘራበት መሬት አይሰጠውም፤ መሬት ያላገኘ ዘር ደግሞ ይጠፋል።

አለቃችን ለቅምሻው የያዘው ቀን ሁዳዴ ውስጥ ዋለ። ጠዋት የእኔንም፣ አብረው የሚቀመሱትን ሌሎች ዘሮችም ቀቅዬ፣ በየሙቅ ጨው ውሃቸው ደርድሬ ጠበቅኩ። በሶሻሊስት መሥሪያ ቤት እጾማለሁ ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር የለም። አንዱ ሆዴን አመመኝ አለ፤ ሌላው ስብሰባ አለብኝ አለ፤ አለቃችን ራሱ ስልክ እየጠበቅኩ ነው አለ። የማትጾም አንዲት ባልደረባ ነበረችን፤ የወላይታ ልጅ ናት፣ የምትጸልየው ከማን ጋር እንደሆነ በዚያ ዘመን አንጠይቃትም። እሷ በትኩሱ ቀምሳ እናቴ የምትሠራውን ይመስላል አለች። ግን የአንድ ሰው ምላስ አይቆጠርም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሆድ የታመመውም ዳነ፣ ስብሰባውም ተበተነ። በዚያ ሁሉ ሰዓት የእኔ ቦሎቄ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ፈንድቶ ገንፎ መስሏል። ከጎኑ ያለው፣ ለመብሰል ስንት ያስለፋኝ ዘር፣ አንድም ፍሬ ሳይሰነጠቅ ያብለጨልጫል።

ደሜ ፈላ። "የፈነዳው እናንተን ሲጠብቅ ነው" አልኩ።

አለቃችን ማንኪያውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። "ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ቦሎቄ ከዘጠኝ ሰዓትም በላይ ይጠብቃል" አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። ዘሬ ተሰረዘ። ሊጣል የነበረውን የመጨረሻ ጥሬ ዘር አስፈቅጄ በጨርቅ ከረጢት ወደ ቤት ወሰድኩና ክረምቱ ሲገባ በአጥሩ ሥር ልዘራው ወሰንኩ። ለባለቤቴ የዘር ነው አልኳት። እንደዚህ ቶሎ የሚበስል አደንጓሬ አይተሽ አታውቂም ብዬም ጉራዬን ነዛሁባት። ንዴቴ ስላልበረደልኝ ስለ ቅምሻውም ሆነ ሌላ እንደማይገኝ አላነሳሁላትም።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ጠነከረ፤ እኔም በአጥሩ ሥር ያለውን መሬት ቆፍሬ አዘጋጀሁ። ቀበሌ ላምባ አልመጣም ማለት ከጀመረ ሰንብቷል። አንድ ቀን ከሥራ በስብሼ ስገባ ምሳዬ ቀርቦ ጠበቀኝ፤ የአደንጓሬ ወጥ። ከረጢቱ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል።

"ጉራ መስሎኝ ነበር" አለች፣ ፊቷ በርቶ። "ምድጃው ውስጥ በቀረችው የላምባ ጠብታ በሰለልህ እኮ። መሥሪያ ቤት መቼም ሞልቷችኋል፤ ሌላም አምጣልኝ።"

የቀረኝ ዘር ሁሉ ሳህኑና ድስቱ ውስጥ ነበር። ጎረስኩ። ለስላሳ ነበር፤ ይጣፍጣል።

"እሺ፣ አመጣለሁ" አልኳትና እንድትጨምርልኝ ሳህኔን ዘረጋሁ።