ኅዳር ላይ የለካሁት ምንጭ

በደርግ ጊዜ ሐይቅ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የፕላን ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ የትኛው መንደር የልማት ማዕከል ይሁን የሚለውን ማጥናት ነበር። ለተመረጠው መንደር መንገድ፣ ክሊኒክና ወፍጮ ይገባለታል ይባላል፤ በየተረተሩ ተበትኖ የሚኖረው ገበሬም ቤቱን አፍርሶ እዚያ ይሰፍራል። ወጣት ነበርኩና አምኜበት ነው የሠራሁት።

አንድ ዓመት የአምባሰል መንደሮች ደረሱኝ። ከእነሱ አንዱ ያደግሁበት ነው። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ አክስቴ ነበረች፤ እማ ነው የምላት። ባሏን ቀብራ፣ ልጆቿን ድራ፣ እዚያው ተራራው ወገብ ላይ ብቻዋን ትኖር ነበር።

እኔ የመረጥኩት ግን ታች ያለውን መንደር ነው። ሜዳ ነው፣ ለአስፋልቱ ይቀርባል፣ ምንጭ አለው። ምንጩን በባልዲና በሰዓት ለካሁት፤ ባልዲው ወዲያው ሞላ። አጠገቤ ቆመው የሚያዩኝ የመንደሩ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ አሁን እኮ ኅዳር ነው። ሚያዝያ ላይ መጥተህ እየው» አሉኝ።

ለአለቃዬ ነገርኩት። «ጥናቱ የሚፈለገው በዚህ ወር ነው፤ ሚያዝያን ማን ይጠብቃል?» አለኝ። የሽማግሌውን ቃል ሪፖርቱ ላይ ማስፈር እችል ነበር። ብጽፈው ሥራው ሁሉ እንደሚመለስብኝ ስላወቅሁ ተውኩት።

መጋቢት ላይ የመንደር ምሥረታው ትእዛዝ ወረደ። እማን ላግዝ ወጣሁ። ስደርስ ጎረቤቶቿ የቤቷን ሣር አውርደው ወጋግራውን እየነቀሉ ነበር። እሷ ደጅ ላይ ቆማ ታያለች።

«ታች ይሁን ያለው ማን ነው?» አለችኝ።

«ኮሚቴው ነው።»

«አንተ እዚያ መሥሪያ ቤት አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ፤ እኔን ግን አይጠይቁኝም።»

አመነችኝ። «አብሽር ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ» ብላ ጭራሽ እኔን አጽናናችኝ።

ሚያዝያ ገባና ምንጩ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። መንገዱም ካስማ ከመትከል አላለፈም፤ ክሊኒኩን ያነሳም የለ። አንድ ቅዳሜ ልጠይቃት ብሄድ ጎጆዋ ተዘግቷል። አጠገቧ የሰፈረችው ክርስቲያን ጎረቤቷ፣ «እናትህ ውሃ ልትቀዳ ወደ ቀድሞ አገራችን ወጥታለች። የዚህማ ወረፋው አይደርሳትም» አለችኝ።

ዳገቱ መሀል አገኘኋት። ጀሪካኗን ከጎኗ አስቀምጣ፣ ጉልበቷን ይዛ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ጀሪካኑን ተቀብያት ትንሽ እንደወረድን ነገሩን በሆዴ መያዝ አቃተኝ።

«እማ፣ ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

ቆመች። ፊቷ ላይ ቁጣ አላየሁም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ያኔ መጥተህ ብትጠይቀኝ እኮ ስለ ውሃው እነግርህ ነበር» አለች።

«አፉ በይኝ፣ እማ።»

«አፉ ብያለሁ። ወላሂ፣ ብያለሁ።»

ይህን ብላ ጀሪካኑን ከእጄ ወሰደችና ወደ መንደሩ ወረደች። ልከተላት አልደፈርኩም። ከዚያው ወደ ሐይቅ ተመለስኩ።

ምንጩ ሲነጥፍ ሰዉ የወንዙን አሸዋ እየጫረ መቅዳት ያዘ። ተቅማጥ ገባ፤ አስቀድሞ ልጆቹን ነበር የጣለው። እማ መታመሟን ሰምቼ ከአለቃዬ ፈቃድ እስካገኝ ሁለት ቀን አለፈ። ስደርስ ቀብረዋት ለቀስተኛው ተቀምጧል። ታማ ሳለች ያቺው ጎረቤቷ ናት ስታገላብጣት የቆየችው። «እስከ መጨረሻው ስምህን ትጠራ ነበር» አለችኝ። በክፋት አልነበረም፤ ደስ የሚለኝ መስሏት ነው።

የቀበሯት ለአዲሱ መንደር በተከለለው መሬት ነው። ከባሏ ጎን ማረፍ ነበር የምትፈልገው፤ እሱ ግን ላይ ተራራው ላይ ነው።

እኔ ሥራ አስቀይሩኝ ብዬ መዝገብ ቤት ገባሁ። ጥናቱን ማንም ዳግም አላነሳው፣ ማንም አልጠየቀኝም። ከጥቂት ዓመት በኋላ መንግሥት መንደር ምሥረታውን ላላ ሲያደርገው ሰዉ ወጋግራውን እየተሸከመ ወደ ቀድሞ ቦታው ወጣ። ታች የነበረው ሰፈር በአንድ በጋ ባዶ ሆነ። አሁን እዚያ ጤፍ ይዘራበታል፤ መቃብሮቹን እየዞሩ ያርሳሉ።