የውሃ ተራ ያስጠበቅኋት ልጅ

ይህን ነገር የንስሐ አባቴ አያውቁትም። በየጾሙ መግቢያ እየሄድኩ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የሻርኩትን ጾም ስዘረግፍላቸው ኖሬአለሁ፤ ይህችን ግን ከምላሴ ሥር አስቀርቻት እመለሳለሁ። ሥራው ሌላ ከተማ የነበረው ባሌ ሳያውቃት ሞተ። ልጄም አታውቃትም። አሁን ስድሳ ሊሞላኝ ነው፤ ደክሞኛል። መደበቁ ራሱ አድክሞኛል። እንግዲህ እናንተው ስሙኝ።

የወንድሜን ልጅ እንቅልፍ ነሳኋት። እንዲህ ሲሉት ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? ሰው አልገደልኩ፣ አልሰረቅኩ። በእንቅልፍ የተከሰሰ ማን አለ? እኔም ለራሴ ይህንኑ ስል ነው አስር ዓመት ያህል የቆየሁት።

ውባለም ትባላለች። ታላቅ ወንድሜ አያ ሞላ ከመካነ ብርሃን በደባርቅ በኩል በአውቶቡስ ጎንደር ድረስ ይዟት መጣ። ዘጠነኛን ከክፍሏ አንደኛ ሆና ነው የጨረሰችው። አያ ሞላ ራሱ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ነው፤ የልጁን ሰርተፊኬት ግን በፌስታል ጠቅልሎ ደረቱ ውስጥ ይዞት ይዞር ነበር። "አደራ እህቴ፣ እንደ ሜሮን አድርገሽ አስተምሪልኝ" አለኝ። ሜሮን ልጄ ናት። ሁለቱ እኩዮች ናቸው፤ ሁለቱም አስረኛ ክፍል ነበሩ፣ ሁለቱም የዚያኑ ዓመት ብሔራዊ ፈተና ይቀመጣሉ። እኔም "ምን በወጣኝ፣ እንዴት ለይቼ አያታለሁ" አልኩት። ምዬ ነው የተቀበልኳት።

የምንኖረው ከአራዳ ጀርባ፣ አራት ተከራዮች ባሉበት ግቢ ነበር። ለአራታችን አንድ ቧንቧ። ውሃ በአስር ቀን ይመጣል፣ አንዳንዴም በአስራ አምስት፤ ቀኑን የሚያውቅ የለም፣ ሁልጊዜ ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ቧንቧው ማፏጨት ሲጀምር ጀሪካኑን ቀድሞ የደቀነ ይቀዳል፤ ተኝቶ የቀረ ለሁለት ሳምንት ይለምናል። ስለዚህ በየቤቱ አንድ ጠባቂ ነበር። ሌላው ቤት በተራ በተራ ይጠብቃል። በእኛ ቤት ግን ተራ የሚባል ነገር አልነበረም። ውባለም ብቻ ነበረች።

የእጅ ባትሪ መብራት ያላት ትንሽ ስልክ ገዛሁላት። ደወሏን ለሰባት፣ ለዘጠኝና ለአስራ አንድ ሰዓት እኔ ራሴ ሞላሁት። በየሌሊቱ ሦስት ጊዜ እየተነሳች ቧንቧውን ታያለች፤ ሲመጣ ደግሞ እስኪነጋ ስትቀዳ ታድራለች። ጠዋት በርሜሉ ሞልቶ ሳየው "ሸጋ ልጅ፣ እደጊ" እላት ነበር። ምርቃት ከአፌ አይጠፋም መቼም።

ምነው አንቺ አልተነሳሽም ትሉኝ ይሆናል። ጠዋት ቢሮ እገባለሁ፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሜሮንስ? ሜሮን ፈተና አለባት። ውባለምስ? እሷም ያው ፈተና፣ ያው ግንቦት አለባት። ይህን አውቅ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ለጎረቤት ግን "የደጋ ልጅ ናት፣ አገሯ ከዶሮ በፊት ነው የምትነሳው፣ እንቅልፍ ምኗ ነው" እያልኩ አወራ ነበር። ጎረቤቶቼም "እውነት ነው" ይሉኛል። ሁላችንም የገጠር ልጅ ሌላ አካል ያላት ይመስለን ነበር።

ልጅቷ በአንድ መንፈቅ ተለወጠች። መስከረም ላይ ሜሮንን ሒሳብ የምታስረዳት እሷ ነበረች፤ ጥር ላይ ያንኑ ሒሳብ ሜሮን ስታስረዳት አይኗ ይከደናል። አንድ መስመር ሦስት ጊዜ ታነባለች። አንድ ቀን ጫማዋን ስታስር ጎንበስ እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። ሳቅንባት። "እንቅልፋሟ" ብለን ስም አወጣንላት። ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ እውነቱን ልናገር፤ ሜሮን ከእኔ ነው የወሰደችው። የመንፈቅ ካርዷ ሲመጣ ከመሃል በታች ወርዳለች።

የካቲት ላይ ትምህርት ቤት ጠሩኝ። የባዮሎጂ መምህሯ ልጅ እግር ሴት ናት፣ ለስላሳ። ውባለምን አጠገቤ አቁማ በደግ ቃል ነው የጠየቀችኝ።

"እናቴ፣ ይህች ልጅ ሰነፍ አይደለችም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በደንብ ካልተኛ የተማረው ጭንቅላቱ ውስጥ አይቀመጥለትም። እኔ ክፍል ውስጥ ቀና ብላ አታውቅም። ቤት ትተኛለች?"

ምን ነበረበት እውነቱን ብናገር? "ውሃ አስጠብቃታለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ እተዋለሁ" ብል ምን እሆን ነበር? ትንሽ አፍር ነበር፣ ሌላ ምንም። ያቺን ትንሽ እፍረት ግን ፈራኋት። ነጠላዬን አስተካክዬ የተቀመጥኩ፣ የተከበርኩ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የእኔ ግን አላመለጠኝም፤ አስቤበት ነው።

"ምን እንቅልፍ አላት፣ ስልኳን ታቅፋ ነው የምታነጋ" አልኩ።

መምህሯ ፊቷ ጠየመ። ከማን ጋር ነው የምታወራው ብላ ጠየቀችኝ። "እኔ እንጃ" አልኳት። በዚያች "እኔ እንጃ" ውስጥ ወንድ አስገባሁባት። የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ላይ። የእምዬን እከክ ወደ አብዬ ልክክ ማለት ይህ ነው።

ውባለም አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና መሬት መሬት ማየት ጀመረች። በእኛ አገር ታላቅ ሲናገር ታናሽ አያስተባብልም፣ ያውም እንጀራውን እየበላ። እኔም የተማመንኩት ይህንኑ ነው። ስልኳን እዚያው ወረሱባት። አባቷ እንዲጠራም ተወሰነ።

መንገዱን ሁሉ ከኋላ ከኋላዬ ስትከተል መጣች። ግቢያችን በር ላይ ስንደርስ ብቻ ቆመች።

"እታለም፣ ዛሬስ ልጠብቅ? ደወል የለኝም እኮ።"

"እኔ እቀሰቅስሻለሁ" አልኳት።

ቀሰቀስኳትም። ከየካቲት እስከ ግንቦት በእጄ እየነካሁ ቀሰቀስኳት። ካስነሳኋት በኋላ ተመልሼ እተኛለሁ። እንዴት ይተኛል? ይተኛል። እኔ ጥሩ እንቅልፍ ነበረኝ።

ለሒሳብ ፈተና ዋዜማ፣ ሦስት ሳምንት የጠፋው ውሃ መጣ። ቧንቧው ሲያፏጭ የሰማሁት እኔ ነኝ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ትንሽ አሰብኩ፤ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። ከዚያ ተነሳሁና ውባለምን ቀሰቀስኳት። የጀሪካኑ ኳኳታ ሜሮንን እንዳይረብሻት ደግሞ የመኝታ ክፍሏን በር ዘጋሁላት። ይህችን በር መዝጋቴን ከሁሉም በላይ እጠላታለሁ። እንቅልፍ ለፈተና እንደሚያስፈልግ አላውቅም ነበር እንዳልል፣ በሩን ዘግቻለኋ!

ውባለም የፈተናው ወረቀት ላይ አንቀላፋች። ፈታኙ ጠረጴዛዋን ሲመታ ነው የነቃችው፤ ግማሹን ሳትነካ ሰዓቱ አለቀ። ይህን ለሜሮን ነገረቻት፣ ሜሮን እየሳቀች ለእኔ። ውጤት ሲመጣ ሜሮን አለፈች። ውባለም ለጥቂት ቀረች።

አያ ሞላ ሊወስዳት መጣ። ስለ ስልኩ በትምህርት ቤቱ የሰማውን በልቡ ይዞ ከርሟል፤ ውጤቱ ሲጨመርበት በአንድ ቀን አረጀ። ልጁን አልመታትም፣ አልተቆጣትም፤ አላያትም ብቻ። ወደ እኔ ዞሮ ራሱን ዝቅ አደረገ።

"እህቴ፣ አሳፈረችሽ። ቤትሽን ከፍተሽ እንዲህ አደረገችሽ። ለእግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይን።"

እኔ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? "ይቅር ለእግዚአብሔር" አልኩት። ይቅርታ መለመን ያለብኝ እኔ ሆኜ ሳለ ይቅር ባይ ሆኜ ተቀመጥኩ። ውባለም ደጅ ላይ ልብሷን በማዳበሪያ እያሰረች ሁሉንም ትሰማ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ዳሯት።

ሜሮን ዛሬ ፋርማሲስት ናት፤ ፀዳ በሚባለው የከተማው ዳርቻ ቤት ሠርታ እኔንም ወስዳኛለች። አንዳንዴ "ያቺ እንቅልፋሟ ዘመዳችን እንዴት ናት?" ትለኛለች። "ደህና ናት" እላታለሁ።

አያ ሞላ አምና አረፈ። ልጄ ከተማ ገብታ ተበላሸች እያለ ነው የሞተው። ከእሱ ይቅርታ የምለምንበት መንገድ የለም፤ ያ በር ተዘጋ። ለሙት ዓመቱ ወደ መካነ ብርሃን ስሄድ ግን ለውባለም ልነግራት ቆርጬ ነበር። መንገዱን ሁሉ ቃሉን ሳሰናዳ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። ሁለት ልጆች አሏት፤ ፊደል የምታስቆጥራቸው ራሷ ናት። እግሬን አጠበችኝ፣ አበላችኝ፣ ፍራሽ አነጠፈችልኝ።

"ውባለም፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። የምታውቀውን ልነግራት እንደሆነ ገብቷት ይሁን፣ አልገባት ይሁን እስካሁን አላውቅም። "ይደርሳል እታለም፣ ደክሞሻል፤ አሁን ተኚ" አለችኝ። ከዚያ ልጆቿን "ውጡ፣ ውጭ ተጫወቱ፤ ድምፅ እንዳታሰሙ፣ እታለም ትተኛበት" ብላ አስወጣቻቸው። ጋቢ አለበሰችኝና እሷም ወጣች።

አልተኛሁም። ግድግዳውን ሳይ ቆየሁ። ስትመለስ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ከዚያም አሁን እንደነቃሁ ሁሉ ገለጥኩት።

"ጥሩ ተኛሽ?" አለችኝ።

"ሸጋ እንቅልፍ ተኛሁ" አልኳት። በማግስቱ ሳልነግራት ወደ ጎንደር ተመለስኩ።