የመጀመሪያዋ ቁልቁለት

ናይፍ አቡ ዛሂ ፍሬን ሠሪ ነው። ሌሎቹ የአማን መካኒኮች ሞተርም መሪም ሲነካኩ፣ እሱ ከወጣትነቱ ጀምሮ ከፍሬን ሌላ አልነካም። ከከረክ መጥቶ ጆፌ ተራራ ላይ ጋራዡን ሲከፍት፣ ከደጁ የሚጀምረው ቁልቁለት እንጀራው እንደሚሆን ገብቶት ነበር። መኪና የሚያስነሳ ሞልቷል፣ የሚያስቆም ነው የጠፋው ይላል። ይህን ሲል ስለ መኪና ብቻ የሚናገር አይመስልም።

የፍሬን ሸራ አመራረጡ ለጉድ ነው። ከካርቶኑ አውጥቶ በጥፍሩ ይፍቀዋል፣ ያሸተዋል። ደረቁ ሸራ ዕድሜ አለው፣ ግን ዲስኩን ይበላል፣ በብርድ ጠዋት ሰፈሩን በጩኸት ይቀሰቅሳል። ለስላሳው ቶሎ ያልቃል፣ ቁልቁለት ላይ ግን አያሳፍርም። ደንበኛ ርካሹን ሲያነሳ ናይፍ ከእጁ ይነጥቀውና ይሄ ለሜዳ አገር ነው ብሎ ወደ መደርደሪያው ይመልሰዋል። የራሱ ምላስ ደግሞ ደረቅ ሸራ ናት፤ ይዛ ትበላለች።

ጓደኛውን ያሳጣችውም እሷው ናት። ወስፊ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ከናይፍ ሌላ መካኒክ ሳያውቅ ጸጉሩ ሸብቷል። አንድ ቀን ናይፍ የወስፊ ሸራ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ ለተሰበሰበው ሰው ሲያስረዳ፣ ይሄ ሰውዬ የሚረግጠው ፔዳል ሳይሆን እባብ ነው አለ። ሰው ሳቀ። ወስፊም አብሮ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን ታክሲውን የሚያቆመው ከመንገዱ ማዶ፣ ከኢርቢድ መጥቶ አዲስ ጋራዥ በከፈተው በለቢብ ደጅ ሆነ።

ናይፍ ቅናት ያዘው። በሚስት መቅናትን ያውቃል፣ በገበያ መቅናትንም ያውቃል፤ ይሄኛው ግን ስም የለውም። ወስፊ ማዶ ተቀምጦ በማራሚያ ቅጠል የተፈላ ሻይ ሲጠጣ፣ ብርጭቆው ስንት ጊዜ እንደተሞላለት ያያል። ለቢብ ሲያወራ ወስፊ ራሱን ሲነቀንቅ ያያል። ለእኔ እንዲህ ነቅንቆልኝ ያውቃል? ይላል በሆዱ። ሚስቱ ኡም ዛሂ ሂድና ሰላም በለው ብትለው፣ የተሻገረው እሱ ነው፣ ይሻገር አላት።

ኋላ የወስፊ ታክሲ ታመመች። ፍሬን ስትይዝ ወደ ቀኝ ትጎትታለች። ለቢብ ሸራ ቀየረላት፤ ጥቂት ከርማ ባሰባት። ናይፍ ከበርጩማው ሳይነሳ ነገሩ ገባው። ታክሲዋ በመጣች ቁጥር የፊት ቀኝ ጎማዋ የመቃጠል ሽታ ይዞ ይመጣል፤ እግር ከፔዳሉ ቢነሳም ፍሬኑ ጎማውን አልለቀቀም ማለት ነው። ዘይቱን የሚያደርሰው የላስቲክ ቱቦ ከውስጥ አብጦ ጠቧል። ከውጭ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። ፔዳሉን ሲረግጡ ዘይቱን በግድ ያሳልፋል፣ መልሶ ግን አይለቅም።

ለቢብ ይህን አላየም። ሸራውን የሚጨብጠውን ብረት በአዲስ ሲለውጥ ናይፍ ከማዶ ሆኖ ተመለከተ፤ ደስም አለው። ይግጠም፣ ይፈርበት። ወስፊም ማንን ጥሎ ማንን እንዳነሳ ይወቅ። ቅናት እንዲህ ነው፤ የሰው ውድቀት እየጠበቀ ፍርድ የሚጠብቅ ይመስለዋል።

ነገር ግን የዚያ ሰፈር ልማድ አለ። ፍሬን የሠራ ሰው የመጀመሪያዋን ቁልቁለት ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ ይወርዳል፤ ለሥራው ነፍሱን ያስይዛል። ለቢብ እጁን ጠርጎ ገባ። ሞተሩ ተነሣ። ናይፍ የጋለው ዘይት መንገድ ላይ ሲፈላ፣ ፔዳሉ ወለል ድረስ ሲሰምጥ፣ ወስፊ ያንን እባቡን በከንቱ ሲረግጥ ታየው። በርጩማው ከኋላው ተገለበጠ። መንገዱን ተሻግሮ እጁን ኮፈኑ ላይ ጫነ።

«ውረዱ።»

«ምን ሆንክ አንተ ሰውዬ?» አለ ወስፊ። «ቁልቁለቱንም ገዛኸው እንዴ?»

ናይፍ ለቢብን ክሪክ አስመጣ። ጎማዋ ከመሬት ስትነሳ ወስፊ ፔዳሉን ረግጦ ለቀቀ፤ ጎማዋ በእጅ አልዞር አለች። ናይፍ ከቱቦው በላይ ያለውን የብረት ቧንቧ ላላ አደረገ፤ ጎማዋ ንቅንቅ አላለችም። ከቱቦው በታች ያለችውን አየር ማውጫ ብሎን ላላ ሲያደርግ ግን ዘይቱ ፊጭ አለ፣ ጎማዋም ተለቀቀች። በመካከላቸው ያለው ቱቦው ብቻ ነው። ማስረዳት አላስፈለገም።

ናይፍ ሰበብ ነበር የጠበቀው። ለቢብ ግን ሰው ሁሉ እያየ ጎንበስ ብሎ የሽማግሌውን ራስ ሳመ።

«እኔ አላየሁትም፣ አቡ ዛሂ። ነፍሳችንን አተረፏት።»

ናይፍ ቱቦ የሚለወጠው በጥንድ ነው ብሎ አጉረመረመ። ለቢብ የግራውንም ለወጠ፣ አየሩን አወጣ፣ ከዚያ የፊት በሩን ከፈተለት።

«ያገኙት እርስዎ ነዎት። ቁልቁለቷ የእርስዎ ናት።»

ናይፍና ወስፊ ቁልቁለቱን ወረዱ። ታክሲዋ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሳትል ቀጥ ብላ ያዘች። ናይፍ አንዲት ቃል ጠበቀ። ወስፊ ግን ከላይ እስከ ታች ያወራው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የዚህን ልጅ ጨዋነት አየህልኝ? በሰው ፊት አላየሁም ማለት ቀላል ነው? እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል።»

«ቀስ ብለህ ርገጥ» አለ ናይፍ።

«እባቡ ሞቷል» አለ ወስፊ፣ ከት ብሎም ሳቀ።

ናይፍ አብሮት ሊስቅ ፈልጎ አፉ እንቢ አለው። ታች ሲደርሱ ወርዶ እንደ ልማዱ መዳፉን ወደ ጎማዎቹ አስጠጋ። ግራውም ቀኙም እኩል ለብ ብለዋል። የመቃጠሉ ሽታ ግን ከአፍንጫው አልወጣም።