ለግለን የቆጠርኩለት ሰባት ቤት

ነዳጅ ተወዶ የካናዳዋ ካልጋሪ ሠራተኛ ያጣችበት ጊዜ ነበር። ብዙ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

የምሠራው የነዳጅ ቧንቧ ዕቃ የሚታሸግበት ዌርሃውስ ውስጥ ነበር። ሱፐርቫይዘራችን ግለን የሚባል፣ ሞርሞን የሚሉት ሃይማኖት ተከታይ ሽማግሌ ነበር። ቡና አይጠጣ፣ አይሳደብ፤ በብሬክ ሰዓት የሞቱ ዘመዶቹን ስም ወረቀት ላይ ሲደረድር ነበር የማየው። እኔ ደግሞ ጉራ እወዳለሁ። አንድ ቀን የቅድመ አያቱን ስም ለማግኘት ሦስት ዓመት እንደፈጀበት ሲያወራኝ፣ እኛ አገር ይሄ በቃል ነው ብዬ እስከ ሰባት ቤት ቆጠርኩለት። ይባስ ብዬ የሟች አባቴን የክርስትና ስም ጨመርኩለት። እሱም ፊደሉን እየጠየቀኝ ጻፈ።

ፎረስት ሎን ሰፈር ያለው ቤቴ ስገባ አብራኝ ለምትኖረው ለእማዬ በኩራት ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። የክርስትና ስም ለባዕድ አይሰጥም፤ ይህን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ሰውየው ለምን እንደፈለገው ጠየቀችኝ። እኔ መች ጠይቄው!

በማግስቱ ጠየቅሁት። ደስ እያለው አስረዳኝ። ቤተሰብ ከሞት በኋላም እንዳይለያይ ነው አለ። በእነሱ ቤተ ክርስቲያን ሳይጠመቅ ለሞተ ሰው፣ በሕይወት ያለ ሰው በስሙ ይጠመቅለታል። ሟቹ ከፈለገ ይቀበላል፣ ካልፈለገ ይተወዋል። እኔ ካልፈቀድኩ ስሞቹን የትም እንደማይልክ ነገረኝ።

"አባቴ እኮ በአርባ ቀኑ ተጠምቋል" አልኩት።

"ገብቶኛል" አለኝ ረጋ ብሎ። "ይሄ ስጦታ ነው።"

ስጦታ! አባቴን ያልተጠመቀ አረመኔ አድርጎት ሲያበቃ ስጦታ ይለኛል። ሰው ሁሉ እያየኝ ጮህኩበት። ወረቀቱን አውጥቶ ሰጠኝ፤ ይቅርታም ጠየቀኝ። ፊቴን አዙሬበት ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ጉዳይ በቀር አላናገርኩትም።

ወረቀቱን ለእማዬ ወሰድኩላት። ሳልቀድደው በፊት አንብብልኝ አለች። አነበብኩላት። አራተኛው ስም ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

"እሱ የእኔ ቅድመ አያት ነው" አለች። "አንተ እንደቆጠርከው ከሆነማ እኔና አባትህ ዘመዳሞች ነን።"

ለካ ከሦስተኛው በላይ ያለውን ከእሷ ወገን ነው የቆጠርኩት። ሲጋቡ የሁለቱም ሰባት ቤት በሽማግሌ ፊት ስለተቆጠረ እሷ ሁለቱንም ታውቃለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንደምንም ብዬ ትክክለኛዎቹን እንድትነግረኝ ለመንኳት።

"ለአንተ?" አለች ወረቀቱን እየቀደደች። "ነገ ደግሞ ለማን ልትሰጣቸው?"

ንዴቷ ሲበርድ እጠይቃታለሁ ብዬ ተውኩት። ንዴቷ በሳምንቱ በርዷል። እኔ ግን ዛሬ ኦቨርታይም ነው፣ ነገ ሽፍት ተቀየረ እያልኩ ከረምኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈች። አገር ቤት እየደወልኩ ብጠይቅ፣ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ከእሷ ቀድመው ሞተዋል። ከሦስተኛው አባቴ በላይ ያለውን ዛሬ የሚነግረኝ የለም።

ግለንን አሁንም ይቅር አላልኩትም። እሱን ስረግም ትንሽ ይቀለኛል። የእማዬን ነገር ግን ምን አባቴ ላድርገው? ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ስንኖር፣ አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ አልጠየቅኳትም።